ማንገቻው ያወጣው ያልነው እብጠት

«አፍሽን ከዘጋሽ አባትሽ ይኖራል።»

ይህን ያለችኝ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። የሆስፒታሉ በር ላይ፣ ወጪ ገቢው እየሰማ፣ መቀነቷን እያጠበቀች ነው ያለችኝ። ከዳባት ወዲያ ካለው አገሯ ወንድምሽ ታመመ ሲሏት የመጣች ገበሬ ናት፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አታውቅም።  እኔ ለመልስ ሰንፌ አላውቅም፤ ያን ሰዓት ግን ዶክተሩ የነገረን ነገር ገና አልወርድልኝ ብሎ ነበር።

ዶክተሩ ያለን ይህን ነበር። አባቴ ቀኝ ጎን ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነው። የተነሣው ከጎድን አጥንቱ ራሱ ነው፤ ብዙ የማያጋጥም ዓይነት ነው፤ እሱም በሥራ ዘመኑ አልፎ አልፎ ነው ያየው። ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ቆይቷል፣ አሁን ግን ነቅቷል። «ከውጭ የምታዩት ጥቂቱን ነው» አለ። «ወደ ውስጥ የገባው ይበልጣል። መድኃኒት አያሟሟውም፤ ጨረርም እምብዛም አይሠራበትም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ከነአጥንቱ ቆርጦ ማውጣት።» ከዚያ ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠንና በገዛ ጎኑ ላይ በጣቱ እንደ መስኮት ያለ ነገር ሠራ። ከላይም ከታችም ጤነኛውን ጨምረው ይቆርጣሉ፣ ሥሩ እንዳይቀር። አራት ጎድን። በባዶው ቦታ መረብ ይወጠራል፤ በመረቡ ላይ እንደ አጥንት የሚጠነክር ሲሚንቶ ይደረጋል፤ በላዩ ከጀርባ የተነሣ ሥጋ ይለብሳል።

እኔ አዘዞ አንድ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሻጭ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶና ሽቦ ስሸጥ ነው የምውለው። አባቴን በሲሚንቶና በመረብ እንደሚሠሩት ስሰማ የመጣልኝ ሐሳብ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እስኪጠነክር ስንት ቀን ውኃ ይጠጣል የሚል ነበር።

«ችግሩ» አለ ዶክተሩ፣ «ወደ ጀርባ አጥንቱ እየሄደ ነው። ገና አልደረሰም። ከደረሰ ግን እኔም ጠርጌ ላወጣው አልችልም። ለሐሙስ አልጋ እይዝለታለሁ።»

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለሱ ግን አትነግረውም፣ አይደል?»

«ራሱ ሰምቶ ራሱ ፈርሞ ነው የሚገባው፣ እናቴ።»

«እኛ በወጉ እንነግረዋለን። አንተ ተወው፤ የኔ ሸጋ።»

ዶክተሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። በር ላይ ወረፋው እስከ ደረጃው ወርዷል። «እሺ፤ ግን ከሐሙስ በፊት» አለ። ከዚያ ወጥተን ነው አክስቴ በሩ ላይ ያንን ያለችኝ።

አባቴ የአቋቋም መምህር ነው። ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ነው የምንኖረው፤ ተማሪዎቹ የኔታ ይሉታል፣ ሰፈሩም የኔታ ይለዋል፣ እናቴም በሕይወት ሳለች የኔታ ነበር የምትለው። አቋቋም ማለት ዜማውን በእግር፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ማስኬድ ነው። አባቴ ከሁሉም የሚወደው ከበሮውን ነው። ከበሮ በአንገት ይንጠለጠላል ብሎ የሚያስብ ሰው ተሸክሞት አያውቅም ማለት ነው፤ ማንገቻው በግራ ትከሻ ተሻግሮ በቀኝ ብብት ሥር ይዞራል፤ ማኅሌት በተቆመ ቁጥር እዚያች ቦታ ላይ ይፈትጋል። የረጅም ዘመን ከበሮ መቺዎች እዚያ ላይ የደደረ ቆዳ አላቸው። በየንግሡ ሲገናኙ፣ ከማኅሌት በኋላ ጠላ ላይ ሲቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን ገልጠው ይተያያሉ። ያንተ የት ደረሰ ይባባላሉ። የሌለው ይታማል፤ ቆሞ የሚያጨበጭብ ይሉታል።

ስለዚህ አባቴ ጎኑ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ስትወጣ አልደነገጠም። ደስ አለው። እንቁላል ስታህል ጭራሽ ለተማሪዎቹ ያሳያቸው ጀመር፤ «እናንተ ማታ ማታ በጨረቃ ትዞራላችሁ፤ ይሄ እንዲህ በቀላል የሚመጣ መሰላችሁ?» ይላቸዋል። በአንድ ንግሥ ላይ ከሌላ ደብር የመጡ ሽማግሌ መምህር ዳሰስ ዳሰስ አደረጉለትና «አንተስ ማንገቻውን ዋጥኸው!» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ያን ቀልድ እቤት ይዞት መጥቶ ለሳምንት ነገረን። ጎንደር ውስጥ ዜማ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያን እብጠት አይቶታል ማለት ይቻላል፣ አንድም ሰው ግን ለሐኪም አሳይ አላለውም። የሥራ ምልክት ለሐኪም አይታይማ።

ቡጢ ሲያህል ግን በቀኝ ጎኑ መተኛት አቃተው። ቀጥሎ ረዥሙን ዜማ መሐል ላይ ቆርጦ ትንፋሽ መሳብ ጀመረ፤ ይህን የሰማሁት ከጓዳ ሆኜ ነው። ልጁ ነኝ፤ የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት አውቃለሁ። ያን ዕለት ወጥቼ «አባዬ፣ ማንገቻ ሥጋ አያበቅልም» አልኩት። «ሐኪም ከሆንሽ ስፌቱንም አንቺው ስፊው» አለኝ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ በባጃጅ ወሰድኩት፤ ፎቶ አነሡት፤ በመርፌ ከእብጠቱ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲደርስ እሱ ተማሪ አለኝ ብሎ እኔንና አክስቴን ላከን። የሰማነውን ነገርኳችሁ።

ከሆስፒታል የተመለስን ዕለት ከሰዓት እቤት ተሰበሰቡ። አክስቴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ከደብሩ ሁለት ካህናት። አባቴ ጉባኤ ቤቱ ነበር፤ ከግቢው ባሻገር የተማሪዎቹ ድምፅ ይሰማል። እኔ ቁጭ ማለት አልሆነልኝም፣ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

በኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ሰው የሞተበት እንኳ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ጎረቤት እስኪጠራ ይደበቅና በማለዳ ነው የሚረዳው። ሞት እንኳ ማለዳ አለው። ካንሰር ግን ማለዳም የለው፤ ከነጭራሹ አይነገርም።

«ስሙ ብቻ ሰው ይጥላል» አሉ የንስሐ አባታችን። ደግ ሰው ናቸው፤ እናቴን ያቆረቡት እሳቸው ናቸው። «አንድ የማውቀው ዲያቆን ነበር። ሐኪሙ በነገረው ሳምንት እህል አልቀምስ ብሎ ሄደ።»

«ምኑን ነበር የታመመው፣ አባ?»

«ጉበቱን።»

«ታዲያ በጉበቱ ነዋ የሞተው።»

አክስቴ ከተቀመጠችበት ዞረችብኝ። «አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሽ ሐኪም ሆንሽ? አርፈሽ ሲሚንቶሽን ሽጪ! እባጭ ነው ይባላል።»

«እቴቴ፣ አራት ጎድኑን ሊሰጥ ነው እኮ። ምን ብሎ ነው የሚሰጠው? ለእባጭ ሰው አራት ጎድን ይሰጣል?»

ከካህናቱ አንዱ ሊስቅ ብሎ ተወው። አባ እጃቸውን አነሡ። «እንዲህ ይሁን። አሁን እባጭ ነው፣ ውኃ ቋጥሯል፣ ይከፈታል እንበለው። ሐሙስ ጠዋት አልጋው ላይ ከወጣ በኋላ እኔ ራሴ ኪዳን አድርሼ እመጣና እነግረዋለሁ። እዚያ ከደረሰ ወዲያ ወዴት ይሄዳል?» ሁሉም ይሁን አሉ። አክስቴ እኔን አላመነችኝም፤ ጓዳ ወስዳ በእናቴ አፈር አስማለችኝ።

ማታ እራት ላይ ነገሩት። አክስቴ ናት የነገረችው፤ እንዲህ ስትዋሽ አይቻት አላውቅም፣ ያምርባት ነበር። አባቴ እንጀራውን እንደያዘ ሰማትና ሳቀ።

«እባጭ ነው? አይ፣ ይኼማ ቀላል ነው። ለእባጭማ ብዬ ሚካኤልን አልተውም።»

የአክስቴ ደብር ሚካኤል ነው። ለኅዳር ሚካኤል ማኅሌቱን እንዲመራላቸው ከክረምት ጀምሮ ሲለምኑት ነበር፤ እሱም ቃል ገብቷል። አክስቴ አፏ ክፍት እንዳለ ቀረ። አትሂድ ብትለው ለምን ይላታል። ለምን ካለ ደግሞ ነገሩ ይወጣል። ዞራ ወደ እኔ አየች። እኔ ምዬአለሁ። «ሐሙስ ነው እኮ ቀጠሮው» አልኩ ብቻ።

«እባጭ ቀጠሮ አያውቅም። ከሚካኤል መልስ ይከፈታል።»

በነጋታው ጓዳ ውስጥ አክስቴ ክንዴን ይዛ «ጠበሉም እዚያው አጠገባችን ነው። ማን ያውቃል?» አለችኝ። ፊቷን ሳየው የምሯን ነው፤ የሰጋችው ነገር ደስ ወደሚል ነገር ተለውጦላታል። ረቡዕ ይዛው ሄደች። መናኸሪያ ድረስ መቋሚያውንና ቦርሳውን ይዤ ሸኘኋቸው። አባቴ በግራው በኩል ተንጋዶ ነበር የሚራመደው። ስንብት ላይ ጉንጬን ሳመኝና «ምነው ጠቆርሽ? ምን ሆንሽ?» አለኝ። ምንም አልኩት።

ሐሙስ ለብቻዬ ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋው ተነጥፏል። አባም መሄዱን ሳይሰሙ፣ ኪዳን አድርሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ የሚነግሩት ሰው በሌለበት ክፍል መጥተው ቆመዋል።  ዶክተሩ ገባ።

«የታለ?»

«ንግሥ ሄደ።»

«የት?»

«ከበሮ ሊመታ» አልኩት።

አባን አየ፣ እኔን አየ። «ምን ተብሎ ነው የተነገረው?»

«እባጭ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አልጋውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፣ እኅቴ። ሌላም እንደሱ የሚጠብቅ አለ። ካመጣሽው እንደገና ፎቶ አነሣዋለሁ፤ ጀርባ አጥንቱ ጋ ገና ካልደረሰ ለኦፕራሲዮን ይዤው እገባለሁ። ቶሎ ግን አምጪው።»

ቶሎ ማለት ቀላል ነው። መንገዱ በዚያ ሰሞን ይከፈታል ይዘጋል፤ ሲዘጋ ደግሞ ለምንና እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ስልክም ወደዚያ አገር አይገባም። ሚካኤል አለፈ። አልመጡም። ሌላ ሳምንት ገባ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሰው ሚስማር ሲጠይቀኝ ማጠፊያ እሰጣለሁ። አንዱ ደንበኛ «ልጅቷ ምን ነክቷታል?» ሲል ሰምቼ «አባቴ ነው የነካኝ» ብዬ ጮህኩበት። አሠሪዬ ወደ ጓሮ ላከኝ። ጓሮ ላይ ከሲሚንቶው ክምር ጋር ቁጭ ብዬ፣ ያ ነገር አሁን የት ደርሷል፣ አሁንስ፣ አሁንስ እላለሁ። ማታ መኝታዬ ላይ እጄን አዙሬ የራሴን ጀርባ አጥንት እዳስሳለሁ። ከጎድን ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ስንት ጣት እንደሆነ እለካለሁ። ብዙ አይደለም።

መንገዱ የተከፈተ ቀን በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ይገባ ጀመር። ገብስ የታጨደበት ሜዳ ባዶውን ተንጣሎ ነበር። ዳባት ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ አገኘሁ። «ምነው ልጄ፣ ለብቻሽ?» አሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ሸጋ አድርገው ሚካኤልን አነገሡልን! ለአያ መሪጌታ የተነሡላቸው አነሣስ! ታላላቆቹ ሁሉ ቦታ ለቀው ከፊት አቆሟቸው።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «እግዜር ይማርልን። ሰምተናል» አሉ።

ሰምተዋል። አህያ የሚነዱት ሽማግሌ ሰምተዋል።

አባቴን ያገኘሁት የአክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ግድግዳውን በግራ ትከሻው ተደግፎ ነው። ጋቢው በቀኝ በኩል ጉብ ብሏል፤ ከሥሩ ልጅ ያቀፈ ይመስላል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረና ተወው።

«መጣሽ? ቤቱን ማን ጋ ትተሽ ነው?»

«አባዬ፣ ተነሥ፣ እንሂድ።»

«ጠበሉን ልጨርስ እንጂ። እባጩ ሊፈርጥ ነው መሰለኝ፤ ይነዝረኛል።»

«እባጭ አይደለም።»

አክስቴ ከቤት እንዴት እንደወጣች አላየሁም። ከኋላዬ መጥታ በእጇ አፌን ከደነችው። እጇ ሊጥ ነበረበት፤ ጠንካራ እጅ ነው፣ የገበሬ እጅ። «ምለሻል! በእናትሽ አፈር ምለሻል!» አለች። እጇን በሁለት እጄ አወረድኩት። ትልቅ ሴት ነች፤ ታግያት አላውቅም ነበር።

«ካንሰር ነው፣ አባዬ። ማንገቻውም አይደለም፤ በጭራሽ አልነበረም። ሐሙስ አራት ጎድንህን አውጥተው ሊያድኑህ ነበር። ወደ ጀርባ አጥንትህ እየሄደ ነው።»

አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ ጀመረች፤ ሰው እንደሞተ አይነት። አባቴ እሷን አላያትም።

«ማን ማን ያውቃል?» አለ።

«ሁሉም።»

«አባም?»

«አዎ።»

«የደብሩ ሰዎች?»

«አዎ።»

«እዚህስ?»

ወደ መጣሁበት መንገድ ዞር አልኩ። የአህያው ሽማግሌ ነበር በዓይኔ የመጣብኝ።

«ለዚህ ነዋ» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ። «ያን ዕለት ተነሥተው ከፊት ያቆሙኝ። እኔ ደግሞ…» አልጨረሰውም። ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። አክስቴም ብቻዋን እያለቀሰች መሆኗን ስታውቅ ለቅሶውን ተወችው።

ከጋቢው ውስጥ «አራት?» አለ።

«አራት።»

«በምን ይሞሉታል?»

«በመረብና በሲሚንቶ።»

ጋቢውን ገለጠ። «በሲሚንቶ!» አለና መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ጎኑን በእጁ ደግፎ እስኪያበቃለት ጠበቅኩ። «ጣሊያን የነገሥታቱን ግንብ እንደለጠፈው! በኋላ ተፍቆ ሲወጣ አይቻለሁ እኮ፤ ድንጋዩን ይዞት ነው የወጣ።»

«ያንተ አይፋቅም። ጥሩ ሲሚንቶ ነው።»

«አንቺ ከምትሸጭው?»

«ከዚያ ይሻላል።»

«ከበሮስ?»

«አልጠየቅኩም» አልኩ።

«ዋሸሽ።»

«ጠይቄአለሁ። ከበሮ አይታሰብም አለ። ድምፅህ ግን ሊመለስ ይችላል፤ ቀስ በቀስ።»

ቀና ብሎ ቆላውን አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፣ ሳብኩት፣ ተነሣ። አክስቴ ሳትጠየቅ ስንቅ ቋጥራ ከኋላችን መጣች። እስከ ዳባት በቅሎ ላይ አስቀምጠን ወሰድነው። ሚኒባስ ውስጥ አክስቴ ፊቷን አዞረችብኝ፤ ግን መንገዱ ሲያንገጫግጨን ጎኑን በመዳፏ ደግፋ ይዛ ነበር፣ ጎንደር እስክንገባ።

ዶክተሩ አዲሱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ አየው። በዚህኛው ጊዜ የተናገረው ለአባቴ ነበር። «ተጠግቷል፣ የኔታ። ነክቶታል ወይስ አልነካውም የሚለውን ከፍቼ ነው የማውቀው።» አባቴ ሰማው፤ ጠየቀው፤ ፈረመ። ደም ያስፈልጋል ሲባል እኔና ተማሪዎቹ ሰጠን። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሳንባው እንዲጠነክር ብለው የጎማ ጓንት እንዲነፋ ሰጡት። አንድ ትንፋሽ ሳበና ነፋው፤ አምስቱም ጣት ቆመ፤ ቀጠለ፤ ጓንቱ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሁሉ ሳቁ። ከጎኑ ያለው በሽተኛ «የኔታ፣ ለኛም ያበድሩን እንጂ!» አለው። ከሰማሁት ሳቅ ሁሉ ያን ነው የማስታውሰው።

ጠዋት አስገቡት። አክስቴ፣ አባና እኔ መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጥን። እነሱ ተቀመጡ ማለቴ ነው፤ እኔ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ ዘበኛው ሁለት ጊዜ ተቆጥቶኛል። ቀኑ ሄደ። ዶክተሩ ሲወጣ የአፍ መሸፈኛው ፊቱ ላይ መሥመር ሠርቶበት ነበር።

«እብጠቱን አውጥተነዋል» አለ።

አክስቴ እልልታዋን ለቀቀችው። መተላለፊያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ፤ አንዲት የማናውቃት ሴትም አብራ እልል አለች። አባ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው «ቆይ፣ ቆይ፣ ልጄ፣ አልጨረሱም» አሏት።

«አምስት ጎድን አውጥተናል» አለ ዶክተሩ። «መረቡም ሲሚንቶውም ተደርጓል። ከጀርባ አጥንቱ ጋር የተጣበቀውን ግን ትቼዋለሁ። እሱን ብነካው እግሮቹን ያጣል።»

«ያ የቀረው ይመለሳል?» አልኩት።

«ይመለሳል።»

«መቼ?»

«አላውቅም። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ትንሽ ይጠንክር።»

ሲሄድ ሦስታችን ቀረን። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። «ወጥቷል ነው የምንለው» አለች። ይህን ጊዜ አልጮኸችም፤ ለምናኛለች። አባ ወደ እኔ ሳያዩ «ቁስለኛ ነው፣ ልጄ። ይረፍ» አሉ።

«እስከ መቼ ይረፍ፣ አባ?»

ዳዊታቸውን ገለጡ። እኔም አልገፋኋቸውም። የሚሉት ነገር ስህተት ነው ለማለትም አቅም አልነበረኝም፤ ያን ቀን ሁላችንም ደክሞን ነበር።

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል አውጥተው ወደ ተራው ክፍል ሲያመጡት ጎኑ ላይ ቱቦ ነበረው፤ ቱቦው አልጋው ሥር ወዳለ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ሲተነፍስ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ ይንቦቀቦቃል። እየተሻለው መጣ። አጥሚት ይጠጣል። ተማሪዎቹ መጥተው ሲጠይቁት ያርማቸዋል፤ አንዱን ከአልጋው ላይ ሆኖ «እግርህን ሰማሁት፤ ተሳስተሃል» ብሎታል። አክስቴ በየቀኑ «ወጣልህ፣ ወንድሜ፣ ወጣልህ» ትለዋለች። እኔ ሥራ እያልኩ መምጣቴን ቀነስኩ። ስመጣም የምግብ ዕቃውን አቀብዬ በር ላይ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሦስቱም አሉ፤ አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ፣ አባ ወንበሩ ላይ ዳዊታቸውን ይዘው። አባቴ ትራሱን ከፍ አስደርጎ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል። ለገና ማን ከበሮ እንደሚይዝ እያወራ ነበር፤ እሱ መቋሚያ ብቻ ይዞ ከኋላ ይቆማል። መሐል ላይ አቆመና አየኝ።

«አንቺ ነይ እስቲ።»

ቀረብኩ።

«ምነው በር በር ትያለሽ? እነዚህ ወጣ ወጣ ይሉኛል። ሁሉም ወጥቷል?»

አክስቴ ተነሥታ ቆመች። አባ ዳዊታቸውን ዘጉ። ጠርሙሱ ይንቦቀቦቃል።

«ሁሉም አልወጣም፣ አባዬ» አልኩት። «ከጀርባ አጥንትህ ጋር የተጣበቀው ቀርቷል። ቢነኩት እግርህን ታጣ ነበር። ይመለሳል ብሏል።»

የሚያየኝ ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ ቆመ፤ ትንፋሹን ይዞት ነበር። ከዚያ ለቀቀው፣ ውኃውም ቀጠለ። ፊቱን ወደሚዞርለት ወገን፣ ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሂጂ» አለኝ።

«አባዬ…»

«ሂጂ፣ ልጄ።»

ባዶውን የምግብ ዕቃ ከአልጋው ሥር አነሣሁ። አክስቴ እንዳልፍ ከመንገዴ ገለል አለች። ደረጃውን ወረድኩ፣ በሩን ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት አዘዞ፣ አዘዞ፣ ፀዳ እያለ ይጣራል፤ አንድ ሰው ብቻ ነበር የጎደለው። ገባሁና በሩን ዘጋው።